«ቀለሜ ልጅ ወድጃለሁ፣ ምን ላድርግ?» ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለች አንዲት ቀለሜ ልጅ ወድጃለሁ። ጓደኞቼ ምኗ ይማርካል ይሉኛል። ለመሆኑ ቀለሜ ማለት ምን ማለት ነው? ቅዳሜ ሐረር ልወስዳት ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብለሃል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። እኔም ቀለሜ ወድጄ ሐረር ወስጃት ነበር። ለዚያች አንድ ቀን ጥፋት ስምንት ወር ከፍያለሁ። አንተ እንዳትከፍል ነው የምጽፍልህ።

1. ቀለሜንና ሸምዳጅን ለይ። ነገሩ የመነጽር አይደለም። የውጤትም አይደለም። ሸምዳጅ ለፈተና ያነባል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ቀለሜ ማንም ሳያዛት ታነባለች። አንድ ነገር ከያዛት ሥሩ ካልደረሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። ፈረንጆቹ «ነርድ» የሚሉት ቃል እ.ኤ.አ. በ1950 በአንድ የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ላይ የአንድ ፍጡር ስም ሆኖ ታተመ። በዓመቱ ደግሞ አንድ መጽሔት የዲትሮይት ወጣቶች ፋራ የሚሉትን ሰው በዚህ ቃል እንደሚጠሩት ጻፈ። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት። ለእኔ የእኛው ቃል ይበልጣል። ቀለም ትምህርት ነው። ቀለም የቆጠረ ሰው ሲባል ክብር ነበር። ልጅቷን ሲጠሯት ነው ወደ ስድብ የቀየሩት።

2. ምኗ ይማርካል ለሚሉህ ይህን ንገራቸው። እኔ ድሬ ተወልጄ አድጌ፣ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ በቀን አራቴ እየተሻገርኩ፣ አንድም ቀን «ለምን?» ብዬ አላውቅም ነበር። አሸዋ ነው፣ ደረቅ ነው፣ በቃ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ነው እሷ ያስረዳችኝ። በ1998 ክረምት ሌሊት ከተማችንን የመታው ጎርፍ ከላይ ከደጋው፣ በደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው የወረደው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ እዚያ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ቁልቁለት ስለሆነ ሰው ሳይነቃ ይደርሳል። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞቶበታል። የእኛ ሰፈር ሰዎች በየዓመቱ ያነሱታል፣ ያለቅሳሉ። ውኃው ከየት እንደመጣ ግን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደቻቱን ስሻገር ቀና ብዬ ተራራውን አያለሁ። የማረከችኝ በዚህ ነው። የኖርኩበትን ከተማ መልሳ አሳየችኝ።

3. ይኼኛው ዋናው ነው፣ ስለዚህ እንዳለ ልንገርህ።

ሐረር ስንሄድ ሁለት ጓደኞቼ አብረውን ነበሩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ገባን፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ቤት የሚባለው ጋ ደረስን። እኔ እንደ አስጎብኚ ደረቴን ነፍቼ «ራምቦ ግጥሞቹን የጻፈው እዚች ቤት ተቀምጦ ነው» አልኩ። እሷ ቀስ ብላ «ሐረር ሲመጣ እኮ ግጥም ካቆመ ቆይቷል። እዚህ ነጋዴ ነበር። ቤቱንም አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው፣ ራምቦ ከሞተ በኋላ» አለች። ጓደኞቼ ሳቁ። የሳቁት በእኔ ነበር። ፊቴ ጋለ። «አቦ ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብን! እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሴት ሁኚ» አልኳት።

እውነቱ ከእሷ ጋር ነበር። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ 26 ዓመቱ ነው፣ ግጥሙን ከተወ ዓመታት አልፈዋል። በ1891 ማርሴይ ሞተ። ይህን ያጣራሁት በማግስቱ ነው። «እንዴት አወቅሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ሁሉንም እዚያው ትነግረኝ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ሐረር ውኃውን የጠጣችበትን ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃ ጉልበቷ ላይ አቁማዋለች። ደንገጎን መውረድ ስንጀምር ማንም ሳይነካው ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። ቋ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቋ። ድሬ ልንገባ ስንል ወገቡ ተጨማዷል። ፊቷ በራ። ልትነግረኝ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ያልኳትን አስታወሰች መሰለኝ፣ አፏን ዘጋች። ሃይላንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስምንት ወር ስደውልላት «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር መልሷ። ስጦታ ላክሁ፣ መለሰችው። ጓደኞቿን ለመንኩ፣ ምንም።

ያስታረቀን አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ስለ ደቻቱ የምትጽፈው ነገር ነበራት፣ የድሮ የዝናብ መዝገብ ፈለገች። ሦስት ቀን አመላለሷት። ጠዋት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ከሰዓት ማንም የለም። ደብዳቤ አምጪ፣ ይኼ ማኅተም አይደለም፣ ነገ ነይ። እህቷ ነገረችኝና በአራተኛው ቀን በር ላይ ጠበቅኋት። አብሬ ልግባ ስላት እሺም እንቢም አላለችም። ሰውዬው ገና ሲያያት «አንቺ ልጅ፣ ባል ፈልጊ እንጂ ዝናብ ምን ያደርግልሻል?» አላት። በልጅነቷ ሳይሆን በሴትነቷ ነው የናቃት። እኔም ሐረር ላይ ያልኳት ይህንኑ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሆዴ ተላወሰ። «ጌታዬ፣ የጠየቀችዎት ስለዚህ ከተማ ነው። መዝገቡ ካለ ያምጡላት፣ ከሌለ የለም ይበሉና በጽሑፍ ይስጧት» አልኩት። «በጽሑፍ» የሚለውን ሲሰማ ተነሣ። አቧራ የለበሰ ዶሴ መጣ። እሷ ቁጥሩን እየጠራች እኔ እየጻፍኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራን። ያ ደብተር ዛሬም ቤታችን አለ።

ስንወጣ ራሷ ጀመረችው። «ሃይላንዱ ለምን እንደተጨማደደ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ላይ የታሸገው አየር ሳሳ ያለ ነው፣ ታች ያለው ደግሞ ከውጭ ይጫነዋል። ባጃጁን እስክናገኝ ድረስ እጇን እያወናጨፈች ስታስረዳኝ ስምንት ወሩን ረሳሁት።

እና ቅዳሜ ጓደኛ አታስከትል። የመስኮቱን ቦታ ለእሷ ተውላት። ካረመችህ «እንዴት አወቅሽ?» በላት፣ ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ራምቦ ቤት ሳትቸኩሉ ግቡ፣ ግን ሸሪፍ ሙዚየምን እንዳታልፉት። የድሮ የእጅ ጽሑፎችና ሐረር ራሷ ትሠራቸው የነበሩ ሳንቲሞች አሉ። እዚያ ሰዓት አትቁጠርባት። እኔ የመጀመሪያ ቀን የሰጠኋት ሃያ ደቂቃ ነበር። ባለፈው ጥር ከተጋባን በኋላ ስንሄድ፣ ሊዘጉ ሲሉ ነው የወጣነው።