ውሃው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል፣ ተራራው ይቆይ
በምናባቸው አገር ካርታ ለሚሥሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤት ልጅ በላስቲክ የታሰረ ጥቅልል ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ ታሪኩ የሚካሄድበት አገር ደግሞ በዓለም ላይ የለም። «ጋሼ፣ ካርታ ሠሪ ነበሩ አሉ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አራቱን ማዕዘን በአራት የቡና ሲኒ ያዝነው። እጅ በአፍ የሚያስጭን ሥራ ነው። ተራሮቹ አንድ በአንድ ጥላ ወጥቶላቸዋል፤ ጫካው ቅጠል በቅጠል ተሥሏል፤ ባሕሩ ውስጥ ዘንዶ ይዋኛል። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ከዚያ በኋላ ስሞቹን ልትጽፍ ስትነሣ ቦታ አጣች። የዋና ከተማዋ ስም ተራራ ላይ ወጥቶ ግማሹ በጥላው ተውጧል፤ የወንዙ ስም ከወንዙ ሸሽቶ ባሕር ገብቷል። ወንዙም ራሱ ከምሥራቁ ባሕር ተነሥቶ አገሩን ለሁለት ሰንጥቆ ምዕራቡ ባሕር ይደርሳል።

«ይህ ወንዝ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አልኳት።

ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ሣቀች። «ወደ ሁለቱም» አለች።

ለእሷ ያልኳትን ሌሎቻችሁም ብትሰሙት ብዬ ይህን ጻፍኩ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእርግጥ ያለን አገር በመሣል ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን፣ በቀጭን የቀለም ብዕርና በምላጭ እንሠራ ነበር። ምላጩ ጺም አይነካም፤ የተሳሳተ መስመር ለመፋቅ ነው። የሌለ አገር መሣል ግን ከእኛ ሥራ ይከብዳል ባይ ነኝ። እኔ ብሳሳት መሬቱ አለ፤ ሄዶ አይቶ የሚያርመኝ ሰው አይጠፋም። እናንተን የሚያርማችሁ መሬት የለም።

በውሃው እንጀምር። ወንዝ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ሲወርድ ገባሮች ይጨመሩበታል እንጂ እሱ አይበታተንም፤ የሚበታተነው ባሕር አፍ ላይ ደርሶ ደለሉን ሲዘረግፍ ነው። ሐይቅ መግቢያው ብዙ ነው፤ መውጫው እንደ ደንቡ አንድ ነው። ጣናን ተመልከቱ፦ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ዓባይ ብቻ ነው። ምንም መውጫ የሌለው ሐይቅም አለ፤ እንደ ሻላ ያለው ውሃው ሶዳ ይሆናል። እንዲህ ካለ ሐይቅ ዳር ከተማ ስትቆረቁሩ ሰዉ የሚጠጣውን ከየት እንደሚቀዳ ቀድማችሁ አስቡ። ወንዝ ሁሉ ደግሞ ባሕር የመድረስ ግዴታ የለበትም። አዋሽ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌ ይብሳል፤ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሕንድ ውቅያኖስ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና ከባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን እየሄደ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ከእናንተ አንዱ እንዲህ ያለ ወንዝ ፈጥሮ ቢያመጣልኝ «አበዛኸው» እለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሥራችንን ቅሌት ላጫውታችሁ። በ1798 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሬኔል የተባለ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ካርታ ሠሪ የምዕራብ አፍሪካን ካርታ አወጣ። የኒጀር ወንዝ ወደ ምሥራቅ እንደሚፈስ ዓይቶ የመጣ መንገደኛ ነግሮታል። ታዲያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ባሕር እንዳይገባ ምን ከለከለው? ተራራ መኖር አለበት። ስለዚህ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ሣለና «የኮንግ ተራሮች» አለው። ኮንግ የሚባል ከተማ በእርግጥ ስለነበረ ስሙ የሚታመን ነበር። ወንዙ ግን ወደ ደቡብ ታጥፎ ባሕር ይገባል፤ ተራራውም የለም። ሆኖም ሌላው ካርታ ሠሪ ከእሱ፣ ቀጣዩም ከዚያኛው እየቀዳ ተራራው ዘጠና ዓመት ያህል ኖረ፤ ቤንዠ የተባለ ፈረንሳዊ በ1889 እ.ኤ.አ. አካባቢውን ራሱ ዞሮ የለም እስኪል ድረስ። እኛን ያሳፍረናል፤ እናንተን ግን ደስ ሊላችሁ ይገባል። ሬኔል ለተራራው ምክንያትና ስም ብቻ ነው የሰጠው፤ ትውልድ ከትውልድ አመነለት።

አሁን ወደ ስሙ። የዚያች ልጅ ዋና ጥፋት ወንዙ አልነበረም፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ማምጣቷ ነው። አለቃችን የነበሩት ሰው በእርሳሱ ንድፍ ላይ የየስሙ ቦታ ሳይያዝ ቀለም ያስነካን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አያናግሩንም ነበር። ስም የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተራራውና ጫካው ቦታ ይልቀቁለት።

እንዲህ አድርጉ። ወንዙንና የባሕሩን ዳርቻ በእርሳስ ካወጣችሁ በኋላ ስሞቹን ሁሉ በቀጭን ወረቀት ላይ፣ ካርታው ላይ በሚኖራቸው መጠን ጻፏቸው። ቆራርጧቸው። ከዚያ ንድፉ ላይ አስቀምጣችሁ በጣታችሁ እየገፋችሁ ቦታ ፈልጉላቸው። ሁለት ስሞች ሲጋፉ አንዱ ዞር ይላል፤ አንዳንዴም ከተማዋ ራሷ ዞር ትላለች፤ የእናንተ ከተማ ናትና ማንም አይከሳችሁም። መስኮት ዝጉ። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ወረዳ ቀበሌዎችን በሙሉ ከወለል ላይ ለቅሜአለሁ።

ስዊዘርላንዳዊው ካርታ ሠሪ ኤድዋርድ ኢምሆፍ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ስሞች አቀማመጥ ብቻ አንድ ጽሑፍ አሳትሟል፤ እስከ ዛሬ የሙያው ሰዎች ይጠቅሱታል። ዋናው ነገር አንባቢው «ይህ ስም የማን ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። የከተማ ስም ከነጥቡ በስተቀኝ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢውል ይመረጣል። የባሕር ዳር ከተማ ስም ወደ ውሃው በኩል ይጻፋል፤ እዚያ ሰፊ ቦታ አለ። የወንዝ ስም የወንዙን መታጠፍ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ረጅም ከሆነ ይደገማል። ወንዝ ዳር ያለች መንደር ስም ደግሞ መንደሯ ባለችበት ዳርቻ ይቀመጥ። ይህንን በጥፊ ተምሬዋለሁ ማለት እችላለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ቦታ ቢጠበኝ የአንዲትን መንደር ስም ከወንዙ ማዶ ጻፍኩት። በካርታው የሄደ ሾፌር መኪናውን ሞልቶ በዚያኛው ዳርቻ ወረደ። መንደሯ ከፊቱ ትታየዋለች፤ ድልድዩ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ኋላ ነው። ስሜን ጠይቆ አግኝቶኝ ነበር፤ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። ፈረንጆቹ ትልቅና ትንሽ ፊደል አላቸው፤ ውሃን በጋደለ ጽሑፍ ከየብስ ይለያሉ። ይህ ሁሉ ለእኛ የለም። ያለን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲለዩ ኖረዋልና ቀዩን ለአንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ለመንግሥቱ መቀመጫ፣ አስቀምጡት። በሌላ በኩል ፊደላችን ለካርታ የተፈጠረ ይመስላል። «ዓባይ» ሦስት ሆሄ ነው። እያንዳንዱ ሆሄ ብቻውን ስለሚቆም የአንድን ሰፊ ግዛት ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትዘረጉት አይፈርስም፤ ሁለት ቃል ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው የቀድሞዋን ሁለት ነጥብ ጣል አድርጉ፤ ቃል የት እንዳለቀ ትናገራለች። ግን ተጠንቀቁ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ስሙ አጠገብ የሣር ምልክት ብታደርጉና የሣሩ ጭረት የሆሄውን እግር ብትነካ ቡሬ «ቢሬ» ሆና ታድራለች። ስለዚህ ነው ተራራና ሣር ከስም በኋላ የሚመጡት፤ ጭረቱ ስሙ ዘንድ ሲደርስ ይቆም።

ስሙን ከየት ታመጣላችሁ? ወጣቶች የሚያመጡልኝ ካርታ ሁሉ «የሞት ሸለቆ» እና «የጨለማ ተራራ» ይበዛበታል። ሸለቆው ውስጥ ተወልዶ በሬ የሚጠምድ ሰው አገሩን የሞት ሸለቆ አይልም፤ እንዲያ የሚለው ማዶ ያለው ባላንጣው ነው። ሰው ስም የሚያወጣው በሚያየው ነው። ባሕር ዳር ባሕር ዳር ነው። ጢስ ዓባይ የፏፏቴው ጢስ ነው። ሮብ ገበያ ገበያው በሮብ ይቆማል። ለፈጠራችሁት ሕዝብም ተራራን፣ በርን፣ ውሃንና ገበያን የሚጠራበት አራት አምስት ቃል ስጡትና እኛ ደብርንና አምባን እንደምንደጋግም ደጋግማችሁ ተጠቀሙባቸው። ሁለተኛው መንደር ላይ አንባቢው ቋንቋውን መልመድ ይጀምራል።

የስም መዝገብ የሚሆን ደብተር ያዙ። ሐመሩን ሐ ይዛችሁ ሀሌታውን ሀ፣ ንጉሡን ሠ ይዛችሁ እሳቱን ሰ አትጻፉ፤ አንድ ጊዜ የጻፋችሁትን አጽኑ። የአገራችን ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን የውጭ ሰዎች ባጣመሙት «ራስ ዳሸን» ስንት ካርታ ላይ እንደወጣ ታውቃላችሁ። ከፍታውም 4,620 ሜትር ሲባል ኖሮ በኋላ ወደ 4,550 ሜትር ወርዷል። ስሕተት ካርታ ላይ ከወጣ የሚወርድበት መሰላል የለም። ደግሞም አንድ ወንዝ አንድ ስም ብቻ ይኑረው ያለ የለም። ተከዜ ወደ ታች ሲወርድ ሰቲት ይባላል፤ ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። ወንዙ ያው ውሃ ነው፤ የሚጠራው ሰው ነው የተለየው።

ስለ ተራራው አጭር ነኝ፤ ሁላችሁም ከእኔ የተሻለ ትሥላላችሁ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፣ ከላይ በስተግራ ቢሆን ይሻላል። ሁሉንም እኩል አታድርጓቸው። ነፋስ ዝናብ ከሚያመጣበት ወገን ጫካ፣ ከጀርባው ደረቅ ምድር ይሁን። የርቀቱን መለኪያ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን መንገድ ብታደርጉት ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ሜዳ ላይ አንድ ጣት የሆነው ገደል ላይ ግማሽ ጣት እንደሚሆን ትደርሱበታላችሁ።

ያቺ ልጅ በመስከረም ተመልሳ መጣች። ሲኒዎቹን ደረደርን። ወንዙ አሁን ከመሐል ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ብቻ ይወርዳል፤ ተራሮቹ ቀንሰዋል፤ ስሙ ጥላ ላይ የወጣ ከተማ የለም። ዘንዶው አለ፤ ስሙን ከጀርባው ላይ አውርዳ በጎኑ አስቀምጣዋለች። ወንዙ ላይ ስደርስ ግን በሰሜኑ ዳርቻ አንድ ስም፣ በደቡቡ ዳርቻ ሌላ ስም ተጽፏል፤ ሁለቱም በቀለም። የዱሮ ምላጬን ከሳጥኑ አወጣሁና «አንዱን መፋቅ ረስተሻል፤ የትኛው ይቅር?» አልኳት።

«አልረሳሁም ጋሼ» አለችኝ። «ወዲህ ማዶ ያሉትና ወዲያ ማዶ ያሉት አይስማሙም።»

ምላጩን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።