«ለቅሶ ሳልደርሳት ቀረሁ፤ አሁን በምን ዓይኔ ልያት?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ፣ መካከለኛዋ 5፣ ትንሹ ገና 14 ወሩ ነው። የምሠራው ባንክ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ እገባለሁ፤ ቅዳሜም እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን እሱም የሚገባው ከእኔ በኋላ ነው። ልጆቹን የምትይዝልኝ ልጅ እሑድ ዕረፍቷ ነው።

ያደግሁት ጉለሌ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን የተማርን ጓደኛ አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አሥር ቀን አብራኝ ያደረችው፣ ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ከአራት ወር በፊት እናቷ ዐረፉ። የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ነበር፣ ትንሹም ልጄ አሞት ነበር። ቀብር ሳልሄድ ቀረሁ። «ሠልስት እደርሳለሁ» አልኩ፤ አልደረስኩም። አርባውም አለፈ። አሁን ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ደረቴን ይጨንቀኛል።

የሰፈሩም ነገር እንዲሁ ነው። የእድር መዋጮ በቴሌብር እልካለሁ፤ ለቀረሁበትም መቅጫ እከፍላለሁ። ባለፈው ወር ከበላያችን የሚኖሩት አባት ማረፋቸውን ያወቅሁት ድንኳን ተተክሎ ሳይ ነው። ልጆቼ የጠበባቸውን ልብስ ለመቄዶንያ እሰጣለሁ ብዬ ሦስት ማዳበሪያ ሞልቼ በረንዳ ላይ ካስቀመጥኩት ዓመት ሊሆነው ነው። እናቴ ስድስት ልጅ እያሳደገች እድሩንም ማኅበሩንም ታደርስ ነበር። እኔ ምን ጎድሎኝ ነው? ጊዜውንስ ከየት ላምጣው?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሰሚት

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ማታ አንብቤው ጠዋት ደገምኩት። የጠየቅሽኝ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከጓደኛሽ ልጀምር። እሱ ከልብሽ ካልወረደ ሌላው ሁሉ ሸክም ነው የሚሆንብሽ።

ባለቤቴ ያረፈው በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። በሦስቱ ቀን ድንኳን ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብትዪኝ ዛሬም አላውቀውም። እድርተኛው፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ ዘመዶቹ፤ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ እኔ ግን የማንንም ፊት አላይም ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። የማስተምረው ከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ልጆቹ ጠዋት ሲወጡ ረፋዱን ሁሉ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ግንቦት ላይ፣ በሰባተኛው ወር መሆኑ ነው፣ ለቅሶ ያልደረሰችኝ አንዲት የመምህራን ማሠልጠኛ ጓደኛዬ በሬን አንኳኳች። በነጠላዋ ጫፍ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ቋጥራለች። «አፍሬ ነው የቆየሁት» አለችና እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀሰች። እኔም የልቤን ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ከሰሉን ራሷ አያያዘች፤ ቡናውን ለቅማ፣ አጥባ ቆላችው። አቦሉን ስንጠጣ ስለ ልጆቹ አወራን። ቶናው ላይ ደርሰን ሲኒ እየሰጠችኝ «የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ነው የሄደው። ነገርኳት፤ በረካው እስኪቀዘቅዝ ነገርኳት።

እና አራት ወር አለፈ ብለሽ አትቅሪ። ጓደኛሽ ቤት አሁን ነው ጭር ያለው። ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ በቴሌግራም አትላኪላት፤ ምን ብላ እንደምትመልስ መጨነቁ ለእሷ ይተርፋታል። ደውዪና በድምፅሽ «እሑድ ረፋድ ላይ ልምጣ፣ ትኖሪያለሽ?» በያት። ትቆጣሽ ይሆናል። ከተቆጣችም ተቀምጠሽ ስሚያት። የሒሳብ መዝጊያውንና የልጁን ሕመም ከጠየቀችሽ ትነግሪያታለሽ። እውነት ነው፣ እኔም አምንሻለሁ፤ ግን ገና ስትገቢ ያን ካስቀደምሽ ስለ እናቷ ሳይሆን ስለ አንቺ ድካም ልታወሩ ነው።

እሑድ ልጆቹን ማን ይይዛል? አባታቸው ይያዛቸው። ደግ ሰው ነው ብለሽኛል፤ እንግዲያው በወር አንድ እሑድ ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የልጆቹ ነገር የእሱ ይሁን። ምሳ ሠርተሽ፣ ልብስ አውጥተሽ፣ ሁሉን አዘጋጅተሽ እንዳትሄጂ። እንደዚያ ካደረግሽ ዋጋውን ቅዳሜ ማታ ከእንቅልፍሽ ላይ ትከፍዪዋለሽ። መካከለኛዋን ግን ይዘሻት ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ፈንዲሻ ታዞር፣ ሲኒ ታቀብል። እኔ ሰው መጠየቅን የተማርኩት በእናቴ ቀሚስ ተይዤ ነው።

እናትሽን አንሥተሻልና፣ እስኪ የጉለሌውን ግቢ መለስ ብለሽ አስቢው። በአንድ የግቢ በር ስንት አባወራ ይገባና ይወጣ ነበር? ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ። እናትሽ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ልትልጥ ስትሄድ እናንተ ጎረቤት ቤት ምሳ በልታችሁ ትጠብቋታላችሁ፤ የምትሄድበትም ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንቺ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነሽ፤ ስትገቢም ደረጃ ወጥተሽ በርሽን ትዘጊያለሽ። ምንም አልጎደለሽም ልጄ። እናትሽን ያገዛት ግቢው ነበር፤ ያ ግቢ ዛሬ የለም። ስለዚህ ከእሷ ጋር ራስሽን አትለኪ። ይልቅስ ደረጃሽ ላይ ካሉት እናቶች ከአንዷ ጋር ተነጋገሪ፤ አንድ እሑድ ከሰዓት የእሷ ልጆች አንቺ ጋ ይዋሉ፣ በሌላው ያንቺ እሷ ጋ። የጥንቱን ግቢ በሁለት በር ብትጀምሩት ይበቃል።

አሁን ወደ እድሩ። የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ 19 ዓመት ሠርቻለሁና ይህን አውቀዋለሁ። መቅጫ የምትከፍለዋን ሴት ማንም አይጠላትም፤ ግን ማንም አያውቃትም። የእድር ሥራ ደግሞ እንጀራ መሸከምና ወጥ ማማሰል ብቻ አይደለም። ሁሌም የሚቸግረን ጽሑፉና ሒሳቡ ነው። መዝገቡ በሦስት ሰው እጅ ተጽፎ፣ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረ ሳይለይ፣ ስብሰባው በጭቅጭቅ ያልቃል። እኔ በአንድ ሰኔ 340 ብር አልገጥም ብሎኝ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፤ ኋላ ሲገኝ አንዷ የሁለት ወር ከፍላ የአንድ ወር ብቻ ነበር የጻፍኩላት። አንቺ ባንክ ነው የምትሠሪው። የብሎካችሁን የእድር ሰብሳቢ ሂጂና «ምግብ ላይ መገኘት አልችልም፤ መዝገቡን ስጡኝ» በያቸው። በወር አንድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ቢወስድብሽ ነው። ደስ ብሏቸው ይሰጡሻል። መዝገብ የያዘ ሰው ደግሞ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ መስማቱ አይቀርም። መዝገቡ በእጅሽ ቢሆን ኖሮ ከበላይሽ ያሉት አባት ማረፋቸውን ድንኳኑን ከማየትሽ በፊት ትሰሚ ነበር።

ጊዜ ከየት ላምጣ ላልሽው፣ የምትተዪው ነገር ሊኖር ግድ ነው። በግልጽ ልንገርሽ፦ የሥራ ባልደረባ ብራይዳል ሻወር፣ ለእሱ የሚገዛ አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ የልጆች ልደት በየሁለት ሳምንቱ፤ ከእነዚህ አብዛኛውን ተዪው። መዋጮሽን ስጪ፣ መልካም ምኞትሽን ንገሪ፣ ቤትሽ ግቢ። ሠርጉ ራሱ ሌላ ነው፤ ለቅሶና አራስ ጥየቃም አይቀርም።

በረንዳሽ ላይ ስላለው ማዳበሪያ አንድ ነገር ልበል። መቄዶንያ የሚጦረው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው፤ የልጆችሽ ልብስ ለእነሱ አይሆንም። እነሱን ለመርዳት ካሰብሽ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ይዘሽ ሂጂ፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያስታመመ ምን ያህል እንደሚፈጅ ያውቃል። የልጆቹን ልብስ ግን አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ፣ በየዕድሜው ለይተሽ በጨርቅ ከረጢት አድርጊው። ከብሎካችሁ አራስ አትጠፋም፤ ልጆችሽን የምትይዝልሽም ልጅ ታናናሾች ይኖሯት ይሆናል። እሷን አስቀድመሽ ጠይቂያት።

ሌላው ደም መለገስ ነው። ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ሁለት ከረጢት ተሰጥቶኛል። የማን ደም እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ሰው ባይኖር ግን ዛሬ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል፤ ከምሳ ሰዓትሽ ብዙ አያልፍም። አንቺ ግን ትንሹን ጡት ካላስጣልሽው ጠብቂ፤ የምታጠባ እናት አትሰጥም። እስከዚያ ባለቤትሽ ይሂድ።

ሁሉንም ባንዴ አትጀምሪው። በዚህ ወር ጓደኛሽ ብቻ ትበቃለች፤ መዝገቡ ለሚቀጥለው ይደርሳል።

እሑድ ስትሄጂ ታዲያ ተቆልቶ የተፈጨውን ቡና እንዳትገዢ። እሱ ቶሎ ይፈላና ቶሎ ትነሻለሽ። ጥሬውን ያዢ፤ እስኪለቀም፣ እስኪታጠብ፣ እስኪቆላ ድረስ አጠገቧ ትቀመጫለሽ፤ ጭሱ ሲነሣም ብታለቅሱ ከልጆቹ ማንም ልብ አይልም።