ጥያቄና መልስ፦ «ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው ነው» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት ያዋጣል ወይ?

ሰሞኑን ከጎንደር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነሡት ተመሳሳይ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ለሕዝብ ያቀረበውን ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም የሙዚቃ ጨዋታ ሌላ ሰው ሳያስፈቅድ ሲጠቀምበት ሕጉ ምን ይላል የሚል ነው። ተቀራራቢዎቹን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹንና የተከሰሱትን ወገኖች ስም አውጥተን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ በጥምቀት በዓል ዕለት በፋሲል መዋኛ ያነሣሁትን ፎቶ በግርጌው ስሜንና ስልኬን ጽፌ በፌስቡክ ገጼ ለጠፍኩት። ከወራት በኋላ በከተማችን የሚገኝ አንድ ሆቴል ያንኑ ፎቶ በትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳና በበራሪ ወረቀት ላይ አትሞት አየሁ፤ ስሜ ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁን ባነጋግራቸው «ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው ነው» አሉኝ። መብት አለኝ?
(ፎቶ አንሺ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አለዎት። የሥራ አስኪያጁ ምላሽ በየቢሮው የሚሰማ ቢሆንም በሕግ ፊት ምክንያት ሆኖ አይቆምም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛት፣ የማሠራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ መብትን የሚሰጠው ለሥራ አመንጪው፣ ማለትም ሥራውን ለፈጠረው ሰው ነው፤ ሥራው በአደባባይ መታየቱም ሆነ በነፃ መገኘቱ ይህን መብት አያስቀረውም። ፌስቡክን የመሳሰሉት ድርጅቶች በአገልግሎት ውላቸው ከእርስዎ የሚወስዱት ፈቃድም ፎቶውን በራሳቸው መድረክ ላይ ለማሳየትና ለማሠራጨት የሚያስችላቸው እንጂ ባለቤትነትዎን የሚያሳጣዎት አይደለም፤ ለሆቴሉ ደግሞ የሚሰጠው አንዳች ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍን በተመለከተ ብዙ ባለሙያዎች የማያውቁት አንድ ነጥብ አለ። በአዋጁ መሠረት ሌሎች ሥራዎች ጥበቃ የሚያገኙት ወጥ ሆነው በመፈጠራቸውና በወረቀት፣ በሸራ፣ በካሴት ወይም በፋይል በመቀመጣቸው ብቻ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ ግን ከዚህ በተጨማሪ የአንድ ስብስብ ክፍል መሆን ወይም በመጽሐፍ መታተም ወይም የፎቶ አንሺውን አለዚያም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ ይኖርበታል። ዘመኑም አጭር ነው፤ የሠዓሊና የደራሲ መብት በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ሲጠበቅ፣ የፎቶግራፍ ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ልዩነት ለፎቶ ባለሙያው የሚገባውን ክብር የነፈገ ነው፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን በዚሁ መሥራት ግድ ይላል። እርስዎ ስምዎንና ስልክዎን በፎቶው ላይ መጻፍዎ እጅግ የጠቀመዎትም ለዚህ ነው። ሎጎ ብቻ የሚለጥፉ የሙያ ጓደኞችዎ ካሉ ሙሉ ስምና አድራሻ እንዲጨምሩበት ይንገሯቸው፤ በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው መረጃ ብዙ ጊዜ ፎቶው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲጫን ስለሚጠፋ በእርሱ መተማመን አይቻልም።

ስምዎ ተቆርጦ መውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። የሥራ አመንጪነት እንዲታወቅ የመጠየቅ፣ እንዲሁም ክብርን ወይም ዝናን በሚነካ መልኩ ሥራው እንዳይዛባ ወይም እንዳይቆራረጥ የመቃወም መብት የሞራል መብት ይባላል። ይህ መብት በወራሽነት ወይም በኑዛዜ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ፎቶውን ሸጠውላቸው ቢሆን ኖሮ እንኳ ስምዎን የመቁረጥ ሥልጣን አይኖራቸውም ነበር።

አሁን ምን ያድርጉ? ከሁሉ አስቀድሞ ማስረጃዎን ይያዙ። የሰሌዳውን ፎቶ ቦታውና ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ያንሡ፤ ከበራሪ ወረቀቱ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ በፌስቡክ የለጠፉበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት ያድርጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በካሜራዎ ካርድ ወይም በኮምፒዩተርዎ የሚገኘው ያልተነካው ዋና ፋይል ነው፤ በተለይም ከእርሱ በፊትና በኋላ በተከታታይ ያነሧቸው ምስሎች። ወጣቶቹ ወደ ተባረከው ውኃ ሲዘሉ በሰከንዶች ልዩነት የተነሡትን ምስሎች፣ የዛፍ ሥር አቅፎ የያዘው የግንቡ አጥር በአንድ ማዕዘን እየታየ፣ ሌላ ሰው ከየትም ሊያመጣቸው አይችልም። ሥራን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ይቻላል፤ ምዝገባው ለጥበቃው ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም ክርክር ሲነሣ በማስረጃነት ይረዳል።

ከዚያ በኋላ ለሆቴሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሰሌዳው እንዲወርድ ወይም ተገቢው ክፍያ ተፈጽሞ ስምዎ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ የመልስ ቀነ ገደብም ያስቀምጡ። በአንድ ከተማ የምትኖሩና ነገ ተመልሳችሁ ልትሠሩ የምትችሉ ስለሆናችሁ በሽማግሌ መጨረሱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይስፈርና ይፈረምበት። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት ድርጊቱ እንዲቆም ሊያዝ፣ ለደረሰው ጉዳትም ካሣ ሊወስን ይችላል። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ስለሚደነግግ ይህን አንቀጽ በደብዳቤዎ መጥቀስ የሥራ አስኪያጁን አነጋገር ሊለውጠው ይችላል። ሆን ብሎ መብት መጣስ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑንም ማስታወስ አይከፋም፤ ዛቻ እንዳይመስል ግን በልክ ይሁን።

ሳይጠይቁን አንድ ነገር እንጨምርልዎ። በፎቶው ላይ ፊቱ ጎልቶ የሚታይ ሰው ካለ እርሱም መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍና እንዳይሸጥ በአንቀጽ 27 ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ከሚከናወኑ ሥነ ሥርዓቶች ጋር የተያያዘውን ሲሆን ከክልከላው ያወጣዋል። የበዓሉን ድባብ የሚያሳየው ምስል በዚህ ሊሸፈን ይችላል፤ የአንድን ወጣት ፊት አጉልቶ ለአልጋ ኪራይ ማስታወቂያ ማዋል ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ፎቶውን ለንግድ ሲያከራዩ የባለ ምስሉን ፈቃድ በጽሑፍ ቢይዙ ይመከራል።

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች መነሻ አድርጌ በራሴ አቀራረብ የሣልኩትን ሥዕል አንድ ነጋዴ ገዛኝ። አሁን ሥዕሉን በቲሸርትና በኩባያ ላይ እያተመ በቴሌግራም ይሸጣል። «ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ» ይላል። እውነት ነው?
(ሠዓሊት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የከፈለው ለሸራው ነው። ሥዕሉን በቤቱም ሆነ በሱቁ መስቀል ይችላል፤ የማባዛት መብት ግን ከሸራው ጋር ተጠቅልሎ አይሄድም፤ መብቱን ለማስተላለፍ በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ያስፈልጋል። በመካከላችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለ ቲሸርቱ የሚታተመው ያለ ፈቃድዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ፦ ሥዕሉን የሣሉት በራስዎ ተነሣሽነት ነው ወይስ ነጋዴው አዝዞዎት? በአዋጁ መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ በውል የተለየ ነገር ካልተባለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን አባዝቶና አሠራጭቶ የመጠቀም መብት) ባለቤት የሚሆነው አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። በጎንደር ያሉ ሠዓሊዎች አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በትእዛዝ እንደመሆኑ ይህ ድንጋጌ ሳያውቁት ብዙ ያሳጣቸዋል። ቀብድ ሲቀበሉ በደረሰኙ ጀርባ ላይ «የማባዛት መብት የሠዓሊዋ ነው» ብሎ ሁለቱም ወገን መፈረም ክርክሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

የጣሪያውን መላእክት በተመለከተ ሥጋት አይግባዎት። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የወረስናቸው ሥዕሎች የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ነው፤ የአሣሣሉ ዘይቤም የማንም የግል ንብረት አይደለም። በዚያው መነሻነት ሌላ ሠዓሊ የራሱን መላእክት ቢሥል እርስዎ ሊከለክሉት አይችሉም። የሚከለክሉት የእርስዎን መስመር፣ የእርስዎን ቀለምና አደራደር የቀዳውን ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። በሰርግ ላይ ሲጫወቱ አንድ ሰው ቀርጾ በዩቲዩብ ቻናሉ ለቀቀው፤ ብዙ ተመልካች አግኝቶበታል። አባቴ በራሳቸው ቻናል ሌላ ቅጂ ሲጭኑ ደግሞ የቅጂ መብት ጥያቄ ቀረበባቸው። የገዛ ጨዋታቸው እንዴት የሌላ ሰው ይሆናል?
(ልጃቸው፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ጉዳዩ ሦስት ነገሮችን አቀላቅሎ የያዘ ስለሆነ ለያይተን እንየው።

ነባሩ ዜማ የማንም ግለሰብ አይደለም፤ አባትዎም ሆኑ ባለ ቻናሉ «የእኔ ነው» ሊሉት አይችሉም። ዜማውን በአዲስ መልክ ያቀናበረ ሰው ግን በቅንብሩ ላይ መብት ያገኛል። አባትዎ በቦታው ለሙሽሮቹ የፈጠሯቸው ግጥሞች የራሳቸው ፈጠራ ቢሆኑም፣ የድርሰት ጥበቃ ሥራው በአንድ ነገር ላይ እንዲቀመጥ ስለሚፈልግ፣ ተገጥሞ የተረሳ ግጥም በዚህ በኩል ደካማ ነው። የምንመክረውም ያማሩትን ስንኞች በስልክ ቀርጸው ወይም በደብተር ጽፈው እንዲያስቀምጡ ነው።

አባትዎን አጥብቆ የሚጠብቃቸው ተዛማጅ መብት የሚባለው ነው። ከዋኝ፣ ማለትም ዘፋኝ፣ ተጫዋች ወይም ተዋናይ፣ ጨዋታው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረጽና ለሕዝብ እንዳይሠራጭ የመከልከል መብት አለው፤ ይህም ለ50 ዓመታት ይቆያል። ለግል ማስታወሻ በስልኩ የሚቀርጽ የሰርግ እንግዳ አይከሰስም፤ ገቢ ለሚያገኝበት ቻናል ማዋሉ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የሽልማት እንጂ የቪዲዮ ክፍያ አይደለም።

በዩቲዩብ በኩል ሁለት መንገድ አለ። የሰውዬውን ቪዲዮ ለማስወረድ ማንኛውም ባለ መብት የሚሞላው የቅጂ መብት ማመልከቻ ቅጽ አለ፤ የባለ መብቱ ስምና አድራሻ፣ የቪዲዮው ሊንክና ያመለከቱት ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ መግለጫ ይፈልጋል። ሰውዬው ከተቃወመ አባትዎ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ ለፍርድ ቤት ማቅረባቸውን ካላሳዩ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጹን የሚሞሉት እስከ መጨረሻው ለመሄድ ሲወስኑ ነው። ቪዲዮ በዚህ መንገድ ሲወርድ በቻናሉ ላይ ቅጣት ይመዘገባል፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት እንዲህ ያለ ቅጣት የተመዘገበበት ቻናል ሊዘጋ ስለሚችል ማመልከቻውን ለቂም መጠቀሚያ ማድረግም አይገባም።

በአባትዎ ቻናል ላይ የመጣው ጥያቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮንቴንት አይዲ ከሚባለው ድምፅ አመሳሳይ ማሽን የሚመጣ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው አስቀድሞ ያስገባውን ሰው እንጂ ማሲንቆውን የመታውን አይደለም። በቻናሉ ማስተዳደሪያ ገብተው ቅሬታ ያቅርቡ፤ ጠያቂው ወገን መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ካልመለሰ ጥያቄው ይነሣል።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ለባለ መብቶች የሮያሊቲ ክፍያ (ሥራቸውን ሌሎች ሲጠቀሙበት የሚከፈል ገንዘብ) እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። አባትዎ በግላቸው ከየቡና ቤቱና ከየጣቢያው ጋር ሊከራከሩ ስለማይችሉ አባል መሆን የሚችሉበትን መንገድ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የፋሲል ግቢን ፎቶዎች አንሥቼ ማንም እንዲጠቀምባቸው በነፃ ማጋራት እፈልጋለሁ፤ ስሜ ግን እንዲጠቀስ እሻለሁ። በሌላ በኩል የምወዳቸውን መጻሕፍት ፒዲኤፍ የደራሲውን ስም እየጠቀስኩ በቴሌግራም ቻናሌ አጋራለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው?
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ሁለተኛው አይደለም።

ለፎቶዎችዎ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ዝግጁ ፈቃዶች ይጠቅሙዎታል። ስም መጥቀስን ብቻ የሚያስገድድ፣ የንግድ ጥቅምን የሚከለክል፣ መለወጥን የሚከለክል እያለ በየዓይነቱ አለ። ከመምረጥዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፦ ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ ፎቶውን በዚያ ፈቃድ ያገኘውን ሰው መልሰው ሊከለክሉት አይችሉም። ፎቶዎችዎ በዊኪፒዲያ እንዲገቡ ከፈለጉ ደግሞ ዊኪፒዲያ የንግድ ጥቅምን በሚከለክል ፈቃድ የቀረበ ፎቶ ስለማይቀበል፣ የአስጎብኚ ድርጅት ሳይከፍልዎ ፖስትካርድ ቢያትምበት እንደማይቆጩ አስቀድመው ያስቡበት። የሚቆጩ ከሆነ ምርጦቹን አስቀርተው የቀሩትን ይልቀቁ።

ስለ መጻሕፍቱ፦ ስም መጥቀስ የፈቃድን ቦታ አይተካም። ሕጉ የሚፈቅደው ከታተመ ሥራ ለዓላማው የሚያስፈልገውን ያህል ጠቅሶ ምንጩንና ደራሲውን መግለጽን ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ማሠራጨት ጥቅስ አይባልም። ገንዘብ አለመቀበልዎም ለውጥ አያመጣም፤ የደራሲው መጽሐፍ ፒያሳ ላይ በአዟሪ ተይዞ ሲዞር ገዢ የሚያጣው የእርስዎ ቻናል በነፃ ስለሰጠ ነውና። ያሉትን ፋይሎች ከቻናልዎ አጥፍተው በምትካቸው ስለ መጽሐፉ የራስዎን አስተያየት፣ አንድ ሁለት አንቀጽ ጥቅስና መጽሐፉ የሚሸጥበትን ሱቅ አድራሻ ይለጥፉ።