የድር ግራፍዎ ራም ውስጥ አልገባ ካለ ከኮዱ በፊት ቁጥሩን ያስተካክሉ

ጥያቄ፦ 100 ሚሊዮን ገጾችና 1.5 ቢሊዮን ሊንኮች ያሉት የድር ግራፍ፣ ማለትም የትኛው ገጽ ወደ የትኛው እንደሚወስድ የሚያሳይ ካርታ፣ አለኝ። ፔጅራንክ (ገጾችን በሚደርሷቸው ሊንኮች ደረጃ የሚሰጥ ስሌት) ለማስላት በፓይተን ዲክሽነሪ ስጭነው 16 ጊጋባይቱ ራም ጭነቱ ሳያልቅ ይሞላል። ዚፕ ላድርገው?

መልስ፦ ዚፑን ይተዉት። ለማስቀመጥ ይሆናል እንጂ የአንድን ገጽ ሊንኮች ከመሃል አውጥቶ ለማንበብ አይመችም። በቅድሚያ ከዲክሽነሪው ይውጡ። ለገጾቹ መለያ ቁጥር ይስጡና ሊንኮቹን በሙሉ አንድ ረጅም አሬይ (ተከታታይ የቁጥር ድርድር) ላይ ይደርድሩ፤ የእያንዳንዱ ገጽ ዝርዝር የት እንደሚጀምር ሌላ አሬይ ይያዝ። ሊንኮቹ በ4 ባይት 6 ጊጋባይት፣ መነሻዎቹ በ8 ባይት 800 ሜጋባይት ይሆናሉ። ማሽንዎ ይህን ይችላል።

ከዚህም እንዲያንስ ከፈለጉ ወሳኙ የቁጥር አሰጣጡ ነው። ብዙ ሰው ገጹ በተገኘበት ተራ ቁጥር ይሰጥና የመጭመቂያ ኮድ በመምረጥ ይደክማል፤ የተዘበራረቀን ቁጥር ግን የትኛውም ኮድ አያድነውም። የሳይቱን ስም ገልብጠው፣ ማለትም «ኮም»ን አስቀድመው፣ ዩአርኤሎቹን በፊደል ተራ ይደርድሩና ከዚያ ቁጥር ይስጡ። አብዛኛው ሊንክ እዚያው ሳይት ውስጥ ስለሚቀር ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ።

ለምሳሌ ገጽ 1000 ወደ 998፣ 1001፣ 1002፣ 1003፣ 1010 እና 52000 ይወስዳል እንበል። የመጀመሪያውን ከራሱ ከገጹ ቁጥር፣ ሌሎቹን ከቀዳሚያቸው ቀንሰው ልዩነቱን ብቻ ይጻፉ፦ −2፣ 3፣ 1፣ 1፣ 7፣ 50990። እንደ ቁጥሩ መጠን በሚረዝምና በሚያጥር የባይት ኮድ አምስቱ አንድ አንድ ባይት፣ የመጨረሻው 3 ባይት ይበቃቸዋል። 24 ባይት የነበረው 8 ሆነ።

ጎረቤት ገጾች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሜኑ ስላላቸው ዝርዝራቸውም ይመሳሰላል። የሚላን ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓኦሎ ቦልዲና ሴባስቲያኖ ቪኛ ይህንንም ተጠቅመው፣ «ከዚያኛው ገጽ ይህን ይህን ውሰድ» በሚል አጻጻፍ 118 ሚሊዮን ገጾችና 1 ቢሊዮን ሊንኮች ያሉትን ግራፍ በአንድ ሊንክ 3.08 ቢት ድረስ እንዳወረዱት በ2004 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ዌብግራፍ የተባለው ሶፍትዌራቸው በነጻ ይገኛል፤ እኔ ብሆን እንደ አዲስ ከመጻፍ እሱን እወስዳለሁ።

ፔጅራንክ ግራፉን በየዙሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ የቅጂው ሰንሰለት (አንዱ ገጽ ከሌላው፣ ያም ከሌላ እየቀዳ የሚሄድበት) ቢረዝም አይጎዳዎትም። ገጾችን እየዘለሉ የሚያነቡ ከሆነ ግን ሰንሰለቱን በ3 ይገድቡት፤ አለዚያ አንዱን ለመፍታት ብዙ ሌሎችን መፍታት ይመጣል። እንዲህ ሲያነቡ ሊንኮቹ ከተጨመቁ በኋላ ያ 800 ሜጋባይት የመነሻ አሬይ ከራሳቸው ከሊንኮቹ ሊበልጥ ይችላልና እሱንም እየጨመሩ የሚሄዱ ቁጥሮችን በሚጨምቀው በኤሊያስ-ፋኖ ኮድ ይጨምቁት።