ስለ ክሎድ አሽተን ለምትጽፉ

ውድ ወጣት የስፖርት ጸሐፊዎች፣

በጦርነት ዘመን ስላለፈ ስፖርተኛ ስትጽፉ ብዕራችሁ ቶሎ የሚስተው አሟሟቱ ላይ ነው። እንግሊዛዊውን ክሎድ አሽተንን እንውሰድ። ለኤሴክስ አውራጃ ቡድን ክሪኬት፣ ለለንደኑ ኮሪንቲያን ክለብ እግር ኳስ የተጫወተ አማተር ነበር፤ ያረፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ነው። እዚህ ላይ «በጦር ሜዳ ወደቀ» ብሎ መጻፍ ይቀናል። ነገር ግን የጠላት ጥይት አላገኘውም። በዌልስ፣ ካርናርቮን አካባቢ፣ በልምምድ በረራ ላይ ሳለ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው ሞተ፤ ሮጀር ዊንሎ የተባለው ክሪኬተኛም አብሮት አለቀ። «በግዳጅ ላይ ሳለ በአደጋ ሞተ» በሉ። የ41 ዓመት ሰው ሳለ ዩኒፎርም ለብሶ መሞቱ ብቻውን ይከብዳል፤ ማሳመሪያ አይፈልግም። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መዝገብ ማዕረግን፣ ክፍልንና ዕለትን ይነግራችኋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሞትን ምክንያት አይነግራችሁም። ስለዚህ እሱን ከሌላ ምንጭ አመሳክሩ።

ቀጥሎ ቀኑ። የሞተው ኦክቶበር 31 ቀን 1942 ነው። «ጥቅምት 31» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ጥቅምት ግን 30 ቀን ብቻ ነው ያለው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 1935 ይሆናል። የተወለደው ደግሞ ካልካታ ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1901 ነው፤ ያ የካቲት 12 ቀን 1893 ነው። ልዩነቱ ለልደቱ 8፣ ለሞቱ 7 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚቀንስ ሰው ዕድሜውን ያዛባል።

አሁን ዋናው ወጥመድ፦ አሽተኖች አራት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሁሉም ክሪኬተኞች። ጊልበርት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921፣ ሂዩበርት በ1922፣ ክሎድ በ1923 ተከታትለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አምበሎች ሆነዋል። በውጤት መዝገብ ላይ «አሽተን» የሚለውን ብቻ አይታችሁ ነጥቡን ለክሎድ እንዳትሰጡት፤ የስሙን መነሻ ፊደላት «ሲ. ቲ.» ፈልጉ። በኦገስት 1921 ኢስትቦርን ላይ አርቺ ማክላረን ያሰባሰበው ቡድን አውስትራሊያን በ28 ራን (የክሪኬት ነጥብ) ሲያሸንፍ ሦስቱ በአንድ ቡድን ነበሩ። ቡድኑ በመጀመሪያው የመምታት ተራው 43 ራን ብቻ አድርጎ ወጣ፤ በሁለተኛው 326 አስመዘገበ። ከዚያ ውስጥ 75ቱ የሂዩበርት ናቸው። የቡድኑ ስም «የእንግሊዝ አሥራ አንድ» ቢባልም ብሔራዊ ቡድን አልነበረም፤ 153 ራን ያደረገው ፎክነር እንኳ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። «ክሎድ ለእንግሊዝ ክሪኬት ተጫወተ» የሚለው ስሕተት ከዚህ ሊመነጭ ይችላል።

ሌላም አለ። በ1934 ብሬንትዉድ ላይ ኤሴክስ ከሰሬይ ሲጫወት ክሎድ ከቡድን ጓደኛው ከኦኮነር ጋር 287 ራን አስመዘገበ። ይህ ሁለቱ አብረው ሜዳ ላይ ሳሉ የገባው ድምር ነው፤ የአንዱ ውጤት አይደለም።

አማተርን «ጀማሪ» ብላችሁ አትተርጉሙት። ለመጫወቱ ደመወዝ የማይቀበል ማለት ነው፤ ብዙዎቹ በችሎታ ከተከፋዮቹ አያንሱም ነበር። በ1882 የተመሠረተውን የለንደኑን ኮሪንቲያንንም ከብራዚሉ ኮሪንቲያንስ ለዩት፤ የብራዚሉ በ1910 ስሙን ከእንግሊዙ ወርሶ የተመሠረተ ነው።

በብሔራዊ ቡድን የተጫወተው በእግር ኳስ ነው፦ ኦክቶበር 24 ቀን 1925፣ ቤልፋስት ላይ ከአየርላንድ ጋር። አንድ ጨዋታ ብቻ መሆኑን አትሸፋፍኑት። በዚያችው አንዷ አምበል ነበር፤ ውጤቱም 0 ለ 0።