ጌታን የሚጠብቅ ሰው ሱቁን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ካለፈው ዐቢይ ጾም ጀምሮ ስለ ዘመን ፍጻሜ የሚናገሩ ቪዲዮዎችን ስከታተል ቆይቻለሁ። በቴሌግራምም «ከአንድ ገዳም አባት የተላከ» የሚል መልእክት ደርሶኛል። ቀኑ ቀርቧል፣ ለሃያ ሰው አስተላልፉ ይላል። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስጠላኝ። ሱቁን ዘግቻለሁ። የደንበኞች ጨርቅ እዚያው አለ፣ ሲደውሉልኝም አላነሳም። ቀኑን በጸሎት ነው የማሳልፈው። ባለቤቴ እንጀራ እየሸጠች ቤቱን ይዛዋለች፤ ሰላም ግን የለንም። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎችም «ለቋል» እያሉ ይሸሹኛል። ቅዱስ ጳውሎስ «ሳታቋርጡ ጸልዩ» ብሎ የለም? «ዘመኑ አጭር ሆኖአል» ብሎስ የለም? የስፌት መኪናዬን ሽጬ ገዳም አጠገብ ብቀመጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናህን አትሽጥ። ይህን አስቀድሜ የምልህ ገዢ ሳይመጣ እንዲደርስህ ብዬ ነው። ምክንያቱን ደግሞ አንተው ከጠቀስከው ከቅዱስ ጳውሎስ ላሳይህ።

ስለ ጾምህና ስለ ጸሎትህ የምጨምርልህ የለም። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጌታን መጠበቅ ማለት ሥራን መተው ነው የሚለው አሳብ። ይህን አሳብ ይዘው የመጡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ትምህርቱን የተወ ወጣት አለ። ዐረብ አገር በሰው ቤት ለፍታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ «ዓለም ሊያልፍ ነው» ብላ በትና፣ ኋላ የልጇን ትምህርት ቤት ክፍያ ያጣች እናት አለች። ሁሉም ጥቅስ ይዘው ነው የሚመጡት። ጥቅሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ውሸት የለበትም። ለማን እንደተጻፈ፣ ያ ሰው ምን ሆኖ እንደተጻፈለት ግን የጠየቀ የለም።

«ሳታቋርጡ ጸልዩ» የተባሉት የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ናቸው። ተሰሎንቄ በመቄዶንያ ያለች ትልቅ የወደብ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም በግሪክ አለች። ጳውሎስና የአገልግሎት ጓደኛው ሲላስ ወደ እርሷ የመጡት ከፊልጵስዩስ ነው። እዚያ በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ታስረው ነበር። በተሰሎንቄ ጳውሎስ ሦስት ሰንበት በምኩራብ እንዳስተማረ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ይነግረናል። ብዙም ሳይቆይ ሁከት ተነሣ። ሕዝቡ በቤቱ የተቀበላቸውን የኢያሶንን ቤት ከበበ። ሐዋርያቱን ሲያጣ ኢያሶንን ራሱን እየጎተተ ወደ ከተማው ሹማምንት ወሰደው። ክሱ ከባድ ነበር፤ «ኢየሱስ የሚባል ሌላ ንጉሥ አለ ይላሉ» የሚል። ኢያሶን ዋስትና አስይዞ ተለቀቀ። ወንድሞችም በዚያው ሌሊት ጳውሎስንና ሲላስን ወደ ቤርያ አሸሿቸው።

እስቲ የቀሩትን አስባቸው። ትናንት ጣዖት ሲያመልኩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያመኑት ገና አሁን ነው። መምህራቸው በሌሊት ሄዷል። ጎረቤት በክፉ ዓይን ያያቸዋል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ማቴዎስም ሉቃስም ወንጌላቸውን ገና አልጻፉም፤ እጃቸው ላይ አንዲት የአዲስ ኪዳን ገጽ እንኳ የለም። ጳውሎስ አቴና ሆኖ እነሱን ማሰቡ አላስቀምጠው ቢል ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ላከላቸው። ጢሞቴዎስ ዜናቸውን ይዞ ሲመለስ ሐዋርያው ቆሮንቶስ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን መልእክት ያን ጊዜ ጻፈላቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ50 ወይም በ51 ዓ.ም. ገደማ። ብዙ ሊቃውንት ከጳውሎስ መልእክታት ሁሉ ቀድሞ የተጻፈው ይህ ነው ይላሉ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በልልኝ፤ አንተን በተለይ ይመለከትሃል። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ውስጥ ማን ቤት ነበር የተቀመጠው? ባልና ሚስቱ አቂላና ጵርስቅላ ቤት ነው። ለምን? የሐዋርያት ሥራ 18፥3 ሥራቸው አንድ ስለነበር ነው ይላል። ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። «ሳታቋርጡ ጸልዩ» ያለህ ሐዋርያ እንዳንተ ሰፊ ነው። በተሰሎንቄም ሳለ በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን ሌሊትና ቀን እየሠራ ወንጌልን እንደ ሰበከ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 2 ያስታውሳቸዋል። ታዲያ የማያቋርጥ ጸሎት ማለት መርፌ መጣል ቢሆን ኖሮ ቃሉን መጀመሪያ ያፈረሰው ራሱ ጳውሎስ በሆነ ነበር።

የተሰሎንቄ ሰዎች ጭንቀታቸው ምን ነበር? ጌታ ቶሎ ይመጣል ብለው እየጠበቁ ሳለ ከመካከላቸው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ወገኖቻችን ቀሩብን ማለት ነው ወይ ብለው ተጨነቁ። ስለ መላእክት አለቃ ድምፅና ስለ መለከት የሚናገረው ምዕራፍ 4 የተጻፈው ለዚህ ነው። «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» ብሎ ይጀምርና እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ ብሎ ይዘጋዋል። ለቀስተኛን ለማጽናናት የተጻፈ ቃል ነው። ዛሬ ይህንኑ ክፍል የሚያስፈራ ሙዚቃ እያስገቡበት ሰው ማስደንገጫ ሲያደርጉት ሳይ በጣም አዝናለሁ። አንተን ያስደነገጠህ የጳውሎስ ቃል አይደለም። የጳውሎስን ቃል ቆርጠው የቀጠሉት ሰዎች ናቸው።

በዚያው ምዕራፍ፣ ስለ መለከቱ ከመናገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቁጥር 11 እና 12 ላይ ምን እንዳለ አይተሃል? በጸጥታ ኑሩ፣ የራሳችሁን ጉዳይ ተጠንቀቁ፣ በእጃችሁ ሥሩ ይላል። ይህ ሁሉ ደግሞ በውጭ ባሉት ሰዎች ዘንድ በአገባብ እንድትመላለሱ ነው ይላል። በውጭ ያሉት የማያምኑት ናቸው። እንግዲህ ወደ ደንበኞችህ ልመለስ። ቀብድም ሳትቀበል አትቀርም፣ ጨርቃቸው አንተ ዘንድ ነው፣ ስልክ አታነሳም። ከእነሱ መካከል ሙስሊም ይኖራል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሳመ ዓመታት ያለፈው ይኖራል። «ሰውዬው ጸሎተኛ ሆኖ ጨርቄን በላኝ» ብሎ ለሰው ሲያወራ የሚሰማው ሁሉ ስለ ክርስቶስ ምን ያስባል? ሐዋርያው የፈራው ይህንኑ ነው። ምናልባት አንተ ስለ ጨርቁ የጻፍከው እግረ መንገድህን ይሆናል። እኔ ግን ከጥያቄህ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ነገሩ በመጀመሪያው መልእክት አላበቃም። በተሰሎንቄ አንዳንዶች ባሰባቸው። «የጌታ ቀን ደርሶአል» የሚል ወሬ ገባ። ወሬው በምን እንደመጣ ሁለተኛው መልእክት 2፥2 ላይ ተጽፏል፤ በመንፈስ፣ ወይም በቃል፣ ወይም ከእኛ እንደሚመጣ በመልእክት ይላል። አየህ፣ በሐዋርያው ስም የሚዞር የሐሰት ደብዳቤ ያኔም ያሰጋ ነበር። ጳውሎስ ከአእምሮአችሁ ቶሎ እንዳትናወጡ አላቸው። መጨረሻ ላይም ሰላምታውን በገዛ እጁ ጻፈ። የመልእክቶቼ ሁሉ ምልክት ይህ ነው፣ እንዲህ እጽፋለሁ አለ (3፥17)። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ለጸሐፊ ነበር የሚነገረው፤ የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው። ስለዚህ ጳውሎስ የእጅ ጽሑፉን አይተው እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዲለዩ አደረጋቸው።

አንተ የደረሰህ መልእክት ላይ የማን እጅ አለበት? የትኛው ገዳም? የትኛው አባት? ገዳሙ ስም የለውም፣ አባትየው ስም የላቸውም፣ የሚታወቀው ለሃያ ሰው መላክ እንዳለብህ ብቻ ነው። አባቶቻችን ትምህርት የሚያስተምሩት ፊት ለፊት፣ በዐውደ ምሕረት፣ ሁሉ እየሰማቸው ነው። ጳውሎስም መልእክቱ ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ አምሏቸዋል። እኛም እስከ ዛሬ በቅዳሴ ዲያቆኑ ቆሞ ሲያነበው በአንድነት የምንሰማው ለዚህ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ለብቻ፣ በእኩለ ሌሊት የሚሰማ ትምህርት ሲያስፈራህ ማን ያርምልሃል? መልእክቱን አጥፋው። ለሰው ልከኸው ከሆነም «ምንጩን ሳላውቅ ነው የላክሁት» ብለህ ጻፍላቸው። ጌታ ራሱ ያችን ቀንና ሰዓት ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም ካለ፣ ስም የሌለው ሰው ሊነግርህ አይችልም።

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን ሁላችን እናውቀዋለን። ብዙ ሰው የሀገር ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስለዋል። በዚሁ በሁለተኛው መልእክት፣ የጌታን ቀን እየጠበቅን ነው ብለው ሥራ ሳይሠሩ በሰው ነገር ለሚገቡ የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች የተጻፈ ቃል ነው። ሥራ ፈልጎ ያጣን ወይም የታመመን ሰው አይነካም። አንተ ግን መኪናም፣ ሙያም፣ ደንበኛም አለህ። ባለቤትህ ከምድጃ ጭስ ጋር እየታገለች የምታመጣውን እየበላህ ነው የምትጸልየው። እንደ ወንድም ስለምወድህ አልደብቅህም፤ ይህ ልክ አይደለም።

ገዳምን አንስተሃል። ደግ። የመነኮሳት አባት የምንለውን ቅዱስ እንጦንስን እንይ። ታሪኩን የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን እርሱ ነው። እንጦንስ ገና ምናኔን ሲጀምር ይህንኑ የተሰሎንቄን ቃል ሰምቶ በእጁ ይሠራ እንደነበር፣ ከሚያገኘውም ለእንጀራው አስቀርቶ ሌላውን ለድሆች ይሰጥ እንደነበር ጽፎልናል። በበረሃ አባቶች ዘንድ የሚነገር ሌላም ታሪክ አለ። እንጦንስ አንድ ቀን በመሰልቸት ተያዘ፤ አሳቡም ተበታተነበት። እንዴት ልዳን ብሎ ሲለምን እርሱን የመሰለ ሰው አየ። ሰውዬው ተቀምጦ ይሠራል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ገመዱን ይጎነጉናል፣ ደግሞ ይነሣል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ ትድናለህ» አለው። እንግዲህ ገዳም አጠገብ ብትሄድ የምታገኘው ሥራ ነው። በአንድነት ገዳም፣ ማለት መነኮሳት በጋራ በሚኖሩበት ገዳም፣ ያሉ አባቶች እርሻ ያርሳሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ይፈጫሉ። ከዚያ ውጭ አንተ ሁለት ልጆች አሉህ። ያው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ከማያምን ይልቅ ይከፋል ብሎ ጽፎለታል።

«ዘመኑ አጭር ሆኖአል» የሚለው ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት የተጻፈ ነው። እዚያው ምዕራፍ 7 ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እያንዳንዱ በተጠራበት ሁኔታ እንዲኖር ይመክራል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብበው፤ ከባለቤትህ ጋር ብታነበው ደግሞ ይሻላል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ንስሐ አባትህን አግኝተህ የነገርከኝን ሁሉ ንገራቸው። የጸሎት መጠንህን ከሥራህ ጋር አስማምተው ይወስኑልሃል። ሱቅህን ክፈትና ለደንበኞችህ አንድ በአንድ ደውል። ይቅርታ ጠይቅ፣ የቆየውን አስቀድመህ ስፋ፣ መጠበቅ ለማይፈልግ ቀብዱንና ጨርቁን መልስ። ስትሰፋ ውዳሴ ማርያምህን በቃልህ ድገም፤ «አቤቱ ይቅር በለኝ» በል። ቪዲዮዎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ፍርሃቱ ካልለቀቀህ፣ እንቅልፍም ከነሣህ ለንስሐ አባትህ ደግመህ ንገራቸው፤ ሐኪም ማየትም ነውር አይደለም።

ለጽዋ ማኅበርተኞችህ ደግሞ የምለው አለ፤ ይህን መልስ አሳያቸው። የተሰሎንቄ መልእክት የተጻፈው ሥራ ለፈቱት ብቻ አይደለም፤ ለመላው ጉባኤ ነው። ሐዋርያው ከማይታዘዘው ሰው ራቁ ካለ በኋላ «እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቁጠሩት» ብሏል። እናንተ ግን ስም አወጣችሁለትና ሸሻችሁት። ከመካከላችሁ ቤቱ ሄዶ «ምን ነካህ?» ያለው አለ? ባለቤቱንስ እንዴት ነሽ ያላት አለ? በሚቀጥለው ማኅበር ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ፣ ራሱ ሄዶ ይጥራው።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ።