ለቆየ ስፖርት ሞተር ሳይክል ርካሽ ዘይት ይሆናል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። በፈረንጆቹ 1999 ሞዴል የሆነች ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ 4 አለችኝ፤ አጎቴ ይነዳት የነበረች ናት። እሱ ሁሌ ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ነበር የሚያደርግላት፤ እኔም በዚያው ቀጥዬ ነበር። አሁን ግን ዋጋው ከደመወዜ ጋር አልገናኝ አለኝ። አንድ መካኒክ «ዝም ብለህ የመኪና ዘይት አድርግ፣ ዘይት ዘይት ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ርካሽ ዘይት ከምታደርግባት ብትሸጣት ይሻላል» አለ። የቱን ልስማ? አልፎ አልፎ ወረታ ወይም መራዊ ደርሼባት እመለሳለሁ፤ ሌላ ጊዜ ከተማ ውስጥ ነው የምነዳት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ርካሹን ግዛ። ግን ለሞተር ሳይክል የተሠራውን ርካሽ ግዛ፤ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቀይረው። የኔ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ግን ላስረዳህ፣ ምክንያቱ ከገባህ ሱቅ ውስጥ ማንም አያታልልህም።

የመጀመሪያው መካኒክ የሳተው ነገር ትልቅ ነው። መኪና ላይ የሞተር ዘይት ሥራው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ያልቃል። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ፍሪሲዮኑም ደረቅ ነው። ያንተ ሲቢአር ላይ ግን ሞተሩም ካምቢዮውም ፍሪሲዮኑም የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው እርስ በርስ ተያይዘው ጉልበት የሚያስተላልፉት። የዘመኑ የመኪና ዘይቶች፣ በተለይ ቀጫጭኖቹ እንደ 5 ደብሊው 30 እና 0 ደብሊው 20 ያሉት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ይገባባቸዋል። መኪናውን ይጠቅመዋል። ያንተ ፍሪሲዮን ግን ሰበቃ ከሌለ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ መንሸራተት ይጀምራል።

ይህንን ችግር ለመፍታት ጃፓኖች በፈረንጆቹ 1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት ለብቻው ደረጃ አወጡ፤ ጃሶ ይባላል። ሱቅ ስትገባ ከፊት ያለውን የእሽቅድምድም ሥዕል ተወውና ጠርሙሱን አዙረህ ጀርባውን አንብብ። አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ፈልግ። ሳጥኑ ውስጥ የምዝገባ ኮድ አለ፤ በትልቁ ደግሞ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 ይላል። ላንተ የሚሆነው እሱ ነው። ኤም ኤ 2 ፍሪሲዮን ይበልጥ የሚያስይዘው ነው፤ ካገኘህ እሰየው፣ ካጣህ ኤም ኤ ይበቃሃል። ኤም ቢ የሚል ከሆነ መልሰህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፤ እሱ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይገባ ስኩተሮች ነው። ሳጥኑ ሳይኖር በጽሑፍ ብቻ «ጃሶን ያሟላል» የሚል ካጋጠመህ አምራቹ ራሱ ለራሱ የሰጠው ቃል ነው፤ የሚታወቅ ኩባንያ ካልሆነ እኔ አልገዛውም።

ከሱ ቀጥሎ ኤ ፒ አይ የሚለውን ክብ ምልክት እይ፤ የአሜሪካኖቹ የዘይት ጥራት ደረጃ ነው። ሆንዳ በመመሪያ መጽሐፎቹ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚጠይቀው ኤስ ጂ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ኤስ ጂ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹ መጨረሻ ደረጃ ነው፤ ዛሬ ርካሽ የሚባሉት የሞተር ሳይክል ዘይቶች እንኳ ብዙዎቹ ኤስ ጄ ወይም ኤስ ኤል ናቸው፣ ማለትም ያንተ ሞተር ሲሠራ ከተጠየቀው ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም። ለዚህ ነው «ርካሽ ከሆነ ይገድላታል» የሚለው ወሬ የማይዋጥልኝ። ክቡ ምልክት ግርጌ ላይ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም በድሮው አጻጻፍ «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ካለ ግን ነዳጅ ቆጣቢው የመኪና ዘይት እሱ ስለሆነ እንዳትነካው።

አሁን ውፍረቱ። መመሪያው 10 ደብሊው 40 ነው የሚልህ። በገበያው 20 ደብሊው 50 ደግሞ በብዛትም በርካሽም ይገኛል፤ ይሆናል ወይ? ለባሕር ዳር ይሆናል። የፊተኛው ቁጥር የሚነግርህ ዘይቱ በብርድ ሞተር ለማስነሳት ምን ያህል እንደሚቀጥን ነው፤ 10 ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ሲሆን 20 ደብሊው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም በጥር ማለዳ ጣና ዳር ጃኬት ያስለብስህ እንደሆነ እንጂ እዚያ አያደርስህም። የኋለኛው ቁጥር ነው ለኛ አገር ቁም ነገሩ፤ በ100 ዲግሪ ሙቀት 40 የሚባለው ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ውፍረት ሲኖረው 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ሞተርህ ጤነኛ ከሆነ 10 ደብሊው 40ን አስቀድም፤ ጠዋት ስታስነሳት ቶሎ ወደ ላይ ይደርሳል፣ ሞተሩንም አያከብደውም። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ሲሞቅ ድምፁ የሚጨምር ሞተር ከሆነ 20 ደብሊው 50 አድርግ፤ ምንም አይሆንም።

ርካሽ ዘይት ከውዱ በምን ያንሳል ታዲያ? በዕድሜው። ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚይዙት ረጃጅም ፖሊመሮች አሉ፤ የካምቢዮው ጥርሶች እነዚህን እየቆራረጡ ይፈጯቸዋል። 40 ሆኖ የገባው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ 30 ይወርዳል። ጥሩ ሲንተቲክ ይህንንም፣ ከፍተኛ ሙቀትንም ለረጅም ጊዜ ይቋቋማል። ግን አንተ 12 ሺህ ዙር ላይ ሰቅለህ የእሽቅድምድም ሜዳ አትዞርባትም፤ ከተማ ውስጥ ነህ፣ አልፎ አልፎ ወረታ ነህ። ስለዚህ ሲንተቲኩ ለሚሰጥህ ተጨማሪ ዕድሜ ከመክፈል ማዕድኑን ዘይት፣ ማለትም ሲንተቲክ ያልሆነውን ተራውን፣ ገዝተህ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ያን ያህል ባትነዳም በየስድስት ወሩ ቀይር። ከፊል ሲንተቲክ ከቻልክ 5,000 ድረስ ሂድ። ከቁጥሩ በፊት እግርህ ይነግርሃል፤ ማርሹ ሲገባ መንገጫገጭ ሲጀምር፣ መብራት ላይ ቆመህ ዜሮ ማርሽ አልገኝ ሲልህ፣ ዘይቱ ደክሟል ማለት ነው። ቀለሙ መጥቆሩ ግን ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቆሻሻውን አንሥቶ እየያዘ ነው፣ ሥራውም እሱ ነው።

ሞተርህ ከፊልትሮ ጋር ሲቀየር ከ4 ሊትር ያነሰ ነው የሚወስደው። ባለ 4 ሊትሩን ከገዛህ ለመሙያ የሚሆን ይተርፍሃል። ፊልትሮውን ከዘይቱ ጋር ሁሌ መቀየር ነው ደጉ፤ ኪስ ካልፈቀደ በሁለት ዘይት አንድ ፊልትሮ፣ ከዚያ ግን አትለፍ። ደግሞ ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ የመኪና ፊልትሮ እንዳታስርበት፤ ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱን የሚያሳልፈው በውስጡ ያለ ባልቮላ የሚከፈትበት ግፊት ከመኪና መኪና ይለያያል።

ሁለት ነገር ልጨምርልህና ላብቃ። ዘይት ቀይረህ ፍሪሲዮን የተንሸራተተ ከመሰለህ፣ ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ በአምስተኛ ማርሽ ከመካከለኛ ዙር ጋዝ ስጣት። ዙሩ ወደ ላይ ፈትለክ ብሎ ፍጥነቷ ባለበት ከቀረ ተንሸራቷል። ግን ዘይቱን ከመክሰስህ በፊት የፍሪሲዮኑን ገመድ እይ፤ ማንሻው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት፤ ልልነት ከሌለው ገመዱ ራሱ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ከፍቶ ይዞታል።

ሁለተኛው፣ ያንተዋ ሞዴል ካርቡሬተር ናት። ዘይት ስትለካ መጠኑ ከነበረው ከፍ ብሎ ካገኘኸው አትደሰት፤ ቡሹን ክፈትና አሽት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ አልዘጋም፣ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ላይ ደግሞ ሲንተቲክ ሆነ ማዕድን፣ ልዩነት የለውም። ካርቡሬተሩን አስጠግነህ፣ ዘይቱን ደፍተህ እንደገና ጀምር። በክረምት ደግሞ ቡሹ ሥር ነጣ ያለ ክሬም የመሰለ ነገር ካየህ ከአጭር አጭር ጉዞ የተጠራቀመ እርጥበት ነው፤ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ሐሙሲት ድረስ ንዳት፣ ይጠፋል። ከዚያ በኋላም ተመልሶ ከመጣና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሆነ ግን መካኒክ ጋ ውሰዳት።

ጥያቄ፦ አባቴ አይሱዙ አለው። ቤታችን ለሱ የተገዛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የናፍጣ ሞተር ዘይት፣ 15 ደብሊው 40፣ ሁሌ አለ። ለኔዋ ፑልሳር ሞተር ሳይክል ከሱ ብቀዳ ምን ይላታል? ከፔዳ።

መልስ፦ የናፍጣ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ጃሶ ኤም ኤ አለው፤ ካለው ያለ ሥጋት ቅዳ። ከሌለው፣ በዚህ ውፍረት ያሉት የናፍጣ ዘይቶች አብዛኛውን ጊዜ ያ ነዳጅ ቆጣቢ ቅመም ስለሌለባቸው ፍሪሲዮንህ ላይንሸራተት ይችላል፤ ብዙ ሰውም ይነዳበታል። እኔ ግን አልመክርህም፤ ምክንያቱም የምታተርፈው በጣም ትንሽ ነው። ፑልሳር የምትወስደው ከ1 ሊትር ብዙም አይዘልም፤ ኩባንያውም የሚጠይቀው 20 ደብሊው 50 ጃሶ ኤም ኤ ነው፣ እሱ ደግሞ በገበያው በርካሽ የሚገኝ ነው። ለአንድ ሊትር ዘይት ብለህ የፍሪሲዮን ሸራ መግዛት ውስጥ አትግባ። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎብህ ሌላ ካጣህ ግን ያለ ዘይት ከመንዳት የአባትህ ዘይት ሺህ ጊዜ ይሻላል፤ ሞልተህ ቤትህ ግባና ቀይረው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሐይቁ አቅራቢያ አነስተኛ የሞተር ሳይክል ጋራዥ አለው። የተቃጠለው ዘይትና ባዶ ጠርሙሶቹ ግቢያችንን ሞሉት። ጠርሙሱን የሚገዙ ልጆች ይመጣሉ፤ ዘይቱን ደግሞ አንዳንዴ ሠራተኞቹ ቦይ ውስጥ ይደፉታል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ። ቦዩን ዛሬውኑ አስቁሚ። ከቦዩ የገባው ዝናብ ሲመጣ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፤ ዓሣውም የሚወጣው፣ ከብቱም የሚጠጣው፣ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውም እጁን የሚታጠበው ከዚያ ነው። የተቃጠለ ዘይት ከአዲሱ የከፋ ነው፤ ሞተር ውስጥ ሲነድ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች ይገቡበታል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሙት፣ ውኃና ቤንዚን አይቀላቀልበት፤ ለኮንክሪት ፎርምወርክ መቀቢያ የሚፈልጉ የግንባታ ሰዎች አይጠፉም። ሠራተኞቹም ጓንት ያድርጉ፤ ቢያንስ በዘይት የራሰ ጨርቅ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው አይዋሉ።

የጠርሙሱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ንጹሕ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ያልተበላሸ፣ መለያው ያልተቀደደ፣ ለማን ነው የሚጠቅመው? የተጣራ አሮጌ ዘይት ወይም ከበርሜል የተቀዳ ርካሽ ነገር ሞልቶ እንደ አዲስ ለሚሸጥ ሰው ነው። ከመጣላችሁ በፊት ሁሉንም በቢላ ሰንጥቋቸው። ለገዢዎችም ልንገራችሁ፤ ክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ሲከፈት ካልተበጠሰ፣ አፉ ላይ ያለው ፎይል የተጨማደደ ወይም በሙጫ የተለጠፈ ከመሰለ፣ ጠርሙሱ ላይ የምርት ቁጥር ከሌለ ወይም ተፍቆ ከሆነ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ነዳጅ ማደያዎች ውስጥ የራሳቸውን ኩባንያ ዘይት መግዛት ከሱቁ ትንሽ ቢወደድም አደጋው ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌ ዘይት ይበላል። ሱቅ ውስጥ «ዘይት መብላት ያቆማል» የሚል ቅመም ሸጡልኝ። ልጨምረው?

መልስ፦ አትጨምር። ለመኪና የተሠራ ቅመም ከሆነ ፍሪሲዮንህን ይነካል፤ ያረጀ ዕቃ ደግሞ በቅመም አይታደስም። መጀመሪያ ጭሱን እይ። አዳር ቆማ ጠዋት ስታስነሳት ብቻ ሰማያዊ ጭስ ጭሳ የሚጠፋ ከሆነ የባልቮላ ጎሚኒዎቹ (ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚይዙት) ደርቀዋል፤ ቀላል የሆነው እሱ ነው። ስትነዳትና ጋዝ ስትጨምር ያለማቋረጥ የምትጨስ ከሆነ ግን ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ነው። መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ይለካልህ፤ ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካ፤ ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ካለ ፋሻው ማለቁን አረጋገጥክ። እስክታስጠግናት 20 ደብሊው 50 አድርግ፣ ነዳጅ በቀዳህ ቁጥርም ዘይቱን ለካ፤ ቀጥ አድርገህ አቁመህ ይሁን እንጂ በጎን ማቆሚያው ተጋድማ የምታነበው ልክ አይደለም።